የጠዋቱ የእሷ፣ የማታው የኔ

ቅናት ያከሳል የሚል ሰው እኔን አላየኝም። እኔ ቀንቼ የወፈርኩ ሰው ነኝ። ያውም በዋዛ አይደለም፤ የባጃጅ ሹፌር ዞር ብሎ "አዴ፣ እባክዎ ወደ መሀል ይጠጉ፣ ወደ አንድ ጎን አዘነበልን" እስኪለኝ ድረስ። ሰው ጨጓራውን እያቃጠለ ሲቀና ኖሮ ቢያንስ ቀሚስ ሊሰፋው ይገባ ነበር። የኔ ግን ጠበበኝ።

የቀናሁትም በሩቅ ሰው አይደለም፤ በጣውንቴ በዘምዘም ነው። ባላችን ሐጂ ካረፉ ቆይተዋል። ባል ሲሞት ጣውንትነትም አብሮ ይሞት እንደሆነ አንድ ቀን ሼኩን ብጠይቃቸው "እሱን ለሁለታችሁ ትቼዋለሁ" ብለው ሳቁብኝ። እኛም አልገደልነውም። ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ፣ ባንድ ግቢ፣ ፊት ለፊት በተሠሩ ሁለት ቤቶች እንኖራለን። መስኮቴ መስኮቷን ያያል። ሐጂ ይህን ሲሠሩ ፍቅር እንዲያጠብቅ ብለው ነበር፤ ያጠበቀው ግን ዓይኔን ነው። እሷ "ትልቋ" ናት፣ እኔ "ትንሿ"። ስድሳን ካለፍኩም በኋላ፣ በጠባብ በር በጎኔ መግባት ከጀመርኩም በኋላ ሰፈሩ "ትንሿ" ነው የሚለኝ።

ሐጂ ፍርደ ገምድል አልነበሩም፤ አላህ ይዘንላቸው። ሚስቶቹን ያላስተካከለ ባል የቂያማ ቀን አንድ ጎኑ ተንጋዶ ይመጣል ይባላል፤ ይህን ስለሚፈሩ እድሜያቸውን ሙሉ ቀጥ ብለው ነው የሄዱት። ከገበያ ሐብሐብ ይዘው ከመጡ ቢላዋውን ለአንዳችን ይሰጡና "የቆረጠ አይመርጥም!" ይላሉ። አንዷ ትቆርጣለች፣ ሌላዋ ትመርጣለች። እንግዲህ የምትመርጠው ጣውንትሽ ከሆነች እጅሽ እንዴት እንደሚጠነቀቅ አስቢው። ጅማ ውስጥ ዱባ እንደኔና እንደ ዘምዘም አስተካክሎ የሚሰነጥቅ ሰው የለም። የዶሮ እግርና ክንፍ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መፈጠሩ ትልቅ እዝነት ነው። አንገቱ አጣልቶን ነበር፤ እሱም በተራ ሆነ።

ሐጂ ሲያርፉ ደንቡ አላረፈም። ሰቃ ካለው የቡና ማሳ ማር ቢመጣ ለሁለት፣ አቮካዶ ቢወድቅ ለሁለት። የግቢውን በር ያለፈ ነገር ሁሉ ለሁለት ነው።

ልጅ ሲቀር። አላህ ለዘምዘም አራት ሰጣት፤ ለኔ አልፈቀደም። ገና ወጣቶች ሳለን አንድ ቀን ጡት ያስጣለቻትን ረሒማን አዝላ ግቢውን አቋርጣ መጣችና "ይህቺ አንቺ ጋ ትደር" አለችኝ። ያቺ አዳር እስክትዳር ድረስ ቆየች። ደንቡ በትክክል ቢሰላ ሁለት ልጅ ይደርሰኝ ነበር፤ ሆኖም አልጠየቅኩም፤ ያን ያህል ደግነት አለኝ። ዘምዘምም ይህን ነገር አንድ ቀን አንስታ አታውቅም። እኔም አላመሰገንኳትም። ጣውንቷን የምታመሰግን ሴት ካለች አሳዩኝ፣ መጥቼ ልያት።

ረሒማ ዘምዘምን "እማ" ትላታለች፤ እኔን "እማዬ"። ያቺ "ዬ" የኔ ብቻ ናት። ማንም እንዳይነካብኝ ስጠብቃት ኖሬያለሁ።

ነገሩ የጀመረው ቦሳ አዲስ ሰፈር ሰርግ ተጠርተን በሄድንበት ቀን ነው። ገና ከድንኳኑ ስንገባ ጎረቤታችን ሸምሲያ ዘምዘምን ስታያት ሁለት እጇን አጋጨች።

"ማሻ አላህ! ዘምዘም፣ ልጅ ሆንሽ እኮ! ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ? ወገብሽ ከየት መጣ?"

ሴቱ ሁሉ ዞረ። አንዷ ወገቧን ያዘች፣ ሌላዋ ቀሚሷን ሰበሰበች። እኔ ከጎኗ ቆሜያለሁ፤ የድንኳን ምሰሶ ነው የመሰልኩት። እኔ እኮ ሎሚ በሞቀ ውሃ እየጨመቅኩ በባዶ ሆዴ ስጠጣ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጠዋት ጠዋት እስከ አዌቱ ድልድይ በእግሬ እሄዳለሁ፤ መንገዱ ላይ ቦምቦሊኖ የምትጠብሰው ልጅ ባትኖር ኖሮ ይሄኔ ጠፍቼ ነበር። ዘምዘም ግን ምንም ሳትደክም፣ እቤቷ ተቀምጣ፣ ወገብ አበጀች!

"ምን እያደረገች ነው?" ብዬ መስኮቴ ላይ ተሰየምኩ። ሚስጥሩን አግኝቼ ግማሹን ልጠይቃት ነው። ሳያት ደግሞ ትበላለች። ትንሽ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ቡና ሲለቅም እንደዋለ ሰው ነው የምትበላው። ጠዋት ገንፎ፣ ረፋድ ላይ ከትናንት የተረፈውን፣ ምሳ ሁለት ጊዜ። እየበላች ትከሳለች! እኔ አንድ ቦምቦሊኖ ሳሸት እንኳ ዳሌዬ ይሰማል። በዚህ ዓለም ፍትሕ ካለ ሐጂ ይዘውት ሄደዋል አልኩ።

ክረምቱ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በዚያ ዝናብ ዘምዘም መስኮት ከፍታ፣ ሻሿን አውልቃ፣ በሰፌድ ታራግባለች። የሻይ ብርጭቆ ስታቀብለኝ ከማስቀመጫው ጋር ይንቀጫቀጫል። "ማስቀመጫው ነው፣ ጎብጧል" ትላለች። እንጨት ስትፈልጥ የምትውል ሴት ከኩሽና እስከ ግቢው በር ለመድረስ መሀል ላይ ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ጀመር። ወገብ ያሉት ሰዎች አሁን "ጉንጯስ?" አሉ።

ሰፈር ሐኪም ሞላ። ሸምሲያ "ስኳር ነው፤ የእህቴን አማች እንዲህ ነበር የጀመራቸው" አለች። ሌላዋ ሳንባ ነው አለች፤ ሌላዋ የሐጂ ሐሳብ ነው አለች። የሐጂ ሐሳብ ከሆነ እኔንስ ለምን አላከሳኝም? እኔስ ሚስት አልነበርኩም?

ጠያቂው መጉረፍ ጀመረ። የሰቃው ልጇ ማር አመጣ፤ ለሁለት ተከፈለ። ዶሮ መጣ፤ ለሁለት። ሸምሲያ የአጥንት ሾርባ በፔርሙስ አመጣች፤ ዘምዘም ግማሹን ወደኔ ላከችው። እስከዚህ ድረስ ደንቡ ይሠራል። ከዚያ አጋሮ የምታስተምረው ረሒማ ዓርብ ማታ መጣች። አልጋዋን አንጥፌ፣ የምትወደውን ጨጨብሳ ሠርቼ ጠብቃለሁ። ሳመችኝና "ዛሬ እማ ጋ ልደር፣ ብቻዋን መሆን የለባትም" አለችኝ። እሺ አልኩ። መስኮቴን ከፍቼ ተቀመጥኩ። በዚያ ማዶ የልጄ ድምፅ ተሰማኝ፦

"እማዬ፣ ቀና በይና ሾርባውን ልስጥሽ።"

"ዬ"ዋን ሰጠቻት! ቤቴን ሌባ ቢዘርፈው እንዲያ አልደነግጥም። ጨጨብሳውን ብቻዬን በላሁት፤ ሙሉውን። ጠዋት ግቢው መሀል ቆሜ፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ "እኔም ሰሞኑን ደክሞኛል!" አልኩ። ዶሮዎቹ ብቻ ዞር ብለው አዩኝ።

ረሒማ ዘምዘምን ቦሳ አዲስ ወዳለ ክሊኒክ ስትወስድ ባጃጁ ውስጥ ቀድሜ ተቀመጥኩ። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ አነጋገሯ የጎጃም ይመስላል፤ ትዕግሥቷ ግን የግመል። ዘምዘምን ወንበር ላይ አስቀምጣ ጥያቄዋን ጀመረች።

"ድካሙ መቼ ጀመረዎት፣ እማማ?"

"ከሰርጉ ወዲህ" አልኩ እኔ።

"የምግብ ፍላጎትስ?"

"ኧረ እሷ! ትናንት ብቻ ምን ምን እንደበላች ልንገርሽ?"

"ጥርስ? ሲውጡ ይቸግርዎታል? ሳል አለ? ላብ? እንቅልፍስ እንዴት ነው?"

ዘምዘም መልስ ለመስጠት አፏን ስትከፍት እቀድማታለሁ፤ ሲቻለኝ ደግሞ "እኔም እንደዚሁ" እያልኩ እጨምራለሁ። ልቤም ይመታል፣ እኔም አልተኛም፣ እኔም ይደክመኛል። ዶክተሯ በመጨረሻ እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ ረሒማ ዞረች።

"እኚህ ማን ናቸው?"

"እናቴ ናቸው።"

"እናትሽ እሳቸው አይደሉም እንዴ?"

"እሳቸውም እናቴ ናቸው።"

"እኔ ጣውንቷ ነኝ" አልኳት እንዳትደናገር። የባሰ ተደናገረች።

የዘምዘምን እጅ ዘርግታ ጣቶቿ ላይ ወረቀት አስቀመጠች፤ ወረቀቱ እንደ ኮባ ቅጠል ተርገፈገፈ። አንገቷን ከኋላ ሆና በጣቶቿ ዳሰሰች፣ ውሃ አስጎነጨቻት፣ ክብደቷን ለካች፣ ደም ቀዳች፣ ደረቷን ራጅ አስነሳቻት። እኔን ማንም አልዳሰሰኝም። ክብደቴን ልለካ ብል "አስፈላጊ አይደለም፣ እማማ" ተባልኩ። በዓይን እንኳ ይታያል ማለቷ ነው።

የደሙ ውጤት ሲመጣ ዶክተሯ እንዲህ አስረዳችን። አንገት ላይ ታይሮይድ የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች፤ የሰውነት ነዳጅ መጥና የምታቃጥል እሷ ናት። የዘምዘም ዕጢ ግን ልጓሟን በጥሳለች። ረሒማ ስትተረጉምልን "ቆሞ እያለ ሞተሩ እንደሚያጓራ ባጃጅ ማለት ነው፤ ነዳጁ ያልቃል፣ መንገድ የለም" አለች። ያን ጊዜ ገባን። ኪኒን ታዘዘላት፤ አንድ ጠዋት፣ አንድ ማታ። ጥቂት ሳምንታት ቆይታ እንድትመለስም ተነገራት።

ረሒማ ወደ አጋሮ ስትመለስ ዘምዘም መድኃኒቱን በሰሃን ይዛ ግቢውን አቋርጣ መጣች። እንደ ማሩ፣ እንደ ዶሮው፣ ፊቴ አስቀመጠችው።

"ምንድነው?" አልኳት፤ ዓይኔ ግን ቀድሞኝ ሰሃኑ ላይ ነው።

"አንቺስ ደክሞኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ የለኝም ብለሽ የለ? ያቺ ልጅ አንቺን ሳታይሽ ቀረች፤ እኔ በአላህ ፊት ምን ልበል? ግቢያችን የገባ ነገር ነው።"

እውነት ለመናገር ልቤ ሞላ። ብቻ ጣውንት ነኝና "ይሁን እንግዲህ" አልኩ፤ ለእሷ ስል እንደምቀበላት አድርጌ። የጠዋቱ የእሷ፣ የማታው የኔ ሆነ። ኪኒኑ በቁጥሩ ስለሚያልቅ ረሒማ ዓርብ ዓርብ ስትመጣ እያየች "ጎበዝ እማ!" ትላለች። እኔ ደግሞ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጥርጣሬ ገባኝ፤ የጠዋቱ ቢበረታስ? "እንለዋወጥ" አልኳት። ተለዋወጥን። ሁለቱም አንድ ዓይነት ኪኒን መሆናቸውን አናውቅም አይደለም፤ እናውቃለን። ቅናት ግን የሚያውቀውን አያምንም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን እንኳን እኔ ሰፈሩም አልተረዳውም። ዘምዘም መክሳቷን አላቆመችም። እኔ ግን አበጥኩ። ፊቴ እንደ ሊጥ ቦካ፣ ድምፄ እንደ ሽማግሌ ሻከረ። ጅማ በቀትር ፀሐይ ስትቃጠል እኔ ጋቢ ደርቤ በር ላይ እቀመጣለሁ፣ ከዚያም ተቀምጬ እተኛለሁ። ሸምሲያ "አካም ጅርታ?" ብላ ሰላም ስትለኝ መልሴን ሳልጨርስ አንቀላፋለሁ። ድካሙ ሲብስብኝ ደግሞ ምን አልኩ መሰላችሁ? መድኃኒቱ አነሰኝ!

አንድ ቀን ባጃጅ ተራ ላይ ከሸምሲያ ጀርባ ቆሜ ሳለ ሹክ ስትል ሰማኋት።

"ትልቋ ስታልቅ ትንሿ ስታብጥ አያችሁ? ወላሂ፣ እየበላቻት ነው!"

እንባዬ መጣ። ጋቢዬን ጠቅልዬ እቤት ገባሁና ለዘምዘም ነገርኳት። እንደምትስቅ ነበር የጠበቅኩት። ዘምዘም ግን ያንን የሚንቀጠቀጥ እጇን ግድግዳ ላይ እያሳረፈች ተነሳች፤ ድንጋይዋ ላይ አረፈች፤ እንደገና ተነሳች፤ የግቢውን በር ከፈተችና በሸምሲያ ቤት አቅጣጫ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

"ሸምሲያ! ብትበላኝም ከግማሼ አታልፍም! ደንብ ታውቃለች!"

ከዚያ በሩ ላይ ተደግፋ ተንሸራተተች። ተሸክሜ አስገባኋት። አዎ፣ ተሸክሜ። እንደ ባዶ ዘንቢል ቀለለችኝ። የቀናሁበት ወገብ እጄ ላይ አጥንት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ።

በማግስቱ ረሒማ ተጠርታ መጣችና እንደገና ወደ ክሊኒኩ ሄድን። ዶክተሯ ዘምዘምን ሚዛን ላይ አቁማ የበፊቱን ከአሁኑ ስታስተያይ ግንባሯ ተቋጠረ። መድኃኒቱን እየወሰደች ልትከሳ አይገባም ነበር። ሌላ የሚያከሳ ክፉ ነገር ተደብቆ እንዳይሆን ሆዷን በአልትራሳውንድ ማየት፣ ምናልባትም አዲስ አበባ መላክ ሊያስፈልግ እንደሚችል ቀስ ብላ ነገረችን። የበሽታውን ስም አልጠራችም። ባለመጥራቷ ሁላችንም አወቅነው። ረሒማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

እኔ ሐብሐብ ነው ያሰብኩት። ሰው በዚያ ሰዓት ስለ ሐብሐብ ያስባል? እኔ አስቤያለሁ። ማን ይመርጥልኛል? ሙሉ ሐብሐብ ይዞ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ምን ያደርገዋል? ማዶ ያለው መስኮት ከተዘጋ በማን እቀናለሁ?

ዶክተሯ ምን ትዝ እንዳላት አላውቅም፤ ወረቀቱን መጻፍ ጀምራ አቆመችና ጠየቀች።

"እማማ፣ መድኃኒቱን ግን በትክክል እየወሰዱ ነው?"

ዘምዘም ተቆጣች። በሞት አፋፍ ላይም ብትሆን ስለ ትክክል የሚጠራጠራትን አትወድም።

"በትክክል? ከኛ ቤት ወዲያ ትክክል አለ? የጠዋቱን እኔ፣ የማታውን እሷ! ባላችን ካረፉ ጀምሮ አንዲት ነገር ተዛብታ አታውቅም!"

"አንድም ቀን!" አልኩ እኔም በኩራት። "እንዲያውም እንዳይበላለጥ እንለዋወጣለን።"

ረሒማ ከግድግዳው ዞረች። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና እኔን ማየት ጀመረች፤ ፊቴን፣ ጋቢዬን፣ ያበጡ ዓይኖቼን።

"እርስዎ ይምጡ እስቲ፤ እዚህ ይቀመጡ።"

እንዴት ደስ እንዳለኝ! በመጨረሻ ተራዬ ደረሰ። እጄን ዘረጋሁ፣ አንገቴን ዳሰሰችኝ፣ ክንዴን ይዛ ልቤን አዳመጠች፣ ክብደቴን ለካች፤ ቁጥሩን ጮክ ብላ አለመናገሯን አላህ ይቁጠርላት። ደሜም ተቀዳ። ዘምዘምን በዓይኔ ጥግ እያየሁ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

"ስሙኝ፣ እናቶቼ። የእሳቸው ዕጢ እንደሚያጓራው ባጃጅ ነው ብለናል አይደል? ይህ ኪኒን ፍሬን ነው። እሳቸው ሙሉ ፍሬን ሲያስፈልጋቸው ግማሹን ብቻ ያዙ። እርስዎ ደግሞ ዕጢዎ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በደህና በሚሄድ ባጃጅ ላይ የእሳቸውን ፍሬን ሲረግጡ ከረሙ። ቆመው የቀሩት ለዚህ ነው።"

ረሒማ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ሁለታችንንም ተቆጣችን። እኔ እንግዲህ ኪኒኑን እንዳቆም፣ ዕጢዬ ቀስ በቀስ ወደ ቦታዋ እስክትመለስ እየመጣሁ እንድታይ ታዘዝኩ። ዘምዘም ሁለቱንም እንድትውጥ። ዘምዘም ግን ከወንበሯ አልነሳ አለች።

"ሁለቱንም ብቻዬን? እሷ እያየች?"

"እማማ፣ መድኃኒት አይካፈሉትም!"

"ሐጂ ምን ይሉኛል?"

ዶክተሯ ሐጂን ስለማታውቃቸው ወደ ረሒማ ዞረች። በባጃጅ ስንመለስ፣ ሰፈር ልንደርስ ስንል ዘምዘም "ተምር" አለች። ያን ዕለት ማታ ኪኒኗን ስትውጥ ለኔ አንድ ተምር ላከችልኝ። ከዚያ ወዲህም እንደዚያው ሆነ፤ ጠዋት እሷ ኪኒን፣ እኔ ተምር፤ ማታም እንዲሁ። ተምሩ ከኪኒኑ እንደሚጣፍጥ ሳውቅ ለመጀመሪያ ጊዜ በልጬ ተገኘሁ ብዬ ተደሰትኩ። ወዲያው ግን እሷ እንዳልቀናችብኝ አየሁና ደስታዬ ቀነሰ።

ወራት አለፉ። የዘምዘም ጉንጭ ተመለሰ፤ ድንጋይዋ ላይ ሳታርፍ እስከ በሩ ትሄዳለች፤ ሻይ ስታቀብለኝ ብርጭቆው አይጮኽም፤ ማስቀመጫው መቼ እንደተቃና ብጠይቃት ስኳሩን ገፋችልኝ። እኔም ጋቢዬን አወለቅሁ፣ እብጠቴ ጎደለ፣ ነቃሁ። ሸምሲያ ደግሞ አንድ ቀን መንገድ ላይ አይታኝ ደነገጠች።

"ወዮ አና! ትንሿ፣ ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው? አሞሻል እንዴ?"

እንዴት እንደ ጣፈጠኝ! "አይ፣ እንዲሁ ይደክመኛል" አልኳት በቀጭን ድምፅ። በማግስቱ ዶሮ አርዳ፣ ሠርታ፣ በድስት አመጣችልኝ። ለኔ! በስሜ! ረሒማም ያን ቀን መጥታ ነበር፤ ድስቱን ስታይ "እማዬ፣ ደግሞ ምን በሽታ አምጥተሽ ነው?" ብላ ተቆጣችኝ። "ዬ"ዋ ተመልሳለች። ግማሿ ነው የተመለሰችው፤ አሁን ሁለታችንንም "እማዬ" ነው የምትለን። ይሁን፤ ግቢያችን የገባ ነገር ነው።

ድስቱን ይዤ ግቢውን አቋርጬ ዘምዘም ጋ ሄድኩና ለመካፈል ተቀመጥኩ። ቆራጭ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ መራጭ እሷ ናት። እግር ከእግር፣ ክንፍ ከክንፍ አደረግሁ። ከዚያ ፈረሰኛውንም፣ ያ የኔ ተራ የነበረውን አንገትም፣ መላላጫውንም አንድ ሰሃን ላይ ከመርኩና ያንን ሰሃን ወደ እሷ ገፋሁት። በሕይወቴ አዛብቼ ስቆርጥ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

ዘምዘም ሁለቱን ሰሃኖች አየች። እኔን አየችኝ።

"መቁረጥ ረሳሽ እንዴ?"

"ምረጪ፣ አትነዝንዢኝ።"

እጇን ሰነዘረች፤ የሞላውን ሰሃን አለፈችና ጎደሎውን አንስታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። "የመረጠ አይጠየቅም" አለችና መብላት ጀመረች።

የሞላውን ሰሃን ይዤ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ቀንቼባት አላውቅም።